የብረት ሥራ ዋጋ የሚወጣው ደንበኛው ከመምጣቱ በፊት ነው

የግቢ በር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የውኃ ታንከር ማስቀመጫ ወይም የሱቅ መደርደሪያ ለማሠራት ብረታ ብረት ቤት የሚገባ ሰው የሚገዛው ገና ያልተሠራ ነገር ነው። ተደርድሮ እንደሚሸጥ ዕቃ አይቶና ነካክቶ መወሰን አይችልም፤ የሚመዝነው ነገር ቢኖር በእጁ የሚሰጠው ፕሮፎርማ ብቻ ነው። ሠሪውም በበኩሉ ባልተቆረጠ ላሜራና ባልተበየደ ማዕዘን ላይ ቃል ይገባል። ዋጋው ካነሰ ትርፉን አልፎ የራሱን ኪስ ይነካል፤ ከበዛ ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋ ማውጣት ከብየዳና ከማጠፍ እኩል የሙያው አካል ነው። ብየዳ ግን በሙያ ማሠልጠኛ ሲሰጥ፣ ትመና ብዙውን ጊዜ ከባለቤቱ አጠገብ ቆሞ በማዳመጥ የሚወረስ ዕውቀት ሆኖ ቀርቷል።

በዚህ ሙያ ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፦ ቶሎ ዋጋ የሰጠ ይሳሳታል፣ አጥርቶ ያሰላ ደግሞ ደንበኛውን ያጣል የሚል። ሥራው በውስጡ ሲታይ ግን ፍጥነትና ልክነት ተቀናቃኞች አይደሉም። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ቦታ፣ ማለትም ደንበኛው ከመምጣቱ በፊት ተሠርቶ ከተቀመጠ ዝግጅት ነው። ክብደቱን፣ ሰዓቱንና የወርክሾፑን ወጪ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ዋጋውን ይገጣጥማል እንጂ አይፈጥርም፤ መገጣጠም ደግሞ ከመፍጠር ይፈጥናል፣ ስሕተቱም ያንሳል። ዝግጅቱ ከሌለ የሁለት ቀን ስሌትም ቢሆን ረዘም ያለ ግምት ከመሆን አያልፍም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ዝግጅቱ ምን እንደሆነ ለማየት በብዛት ከሚሠራበት አቋራጭ፣ «በካሬ» ዋጋ ከመስጠት መነሳት ይጠቅማል። በካሬ ማስላት ቀላል ነው፤ ስፋቱን በቁመቱ አባዝቶ በአንድ ቁጥር መምታት ብቻ ነው። 3 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ቁመት ያለው በር 6 ካሬ ነው። ላሜራው 1 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ የሚመጣ ከሆነ ይህን በር በአንድ በኩል ለመሸፈን ሦስት ላሜራ ልክ ይበቃል። ደንበኛው «20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበልልኝ» ቢል በሩ 6.6 ካሬ ይሆናል፤ በካሬ የሚያሰላው ሠሪ 10 በመቶ ይጨምራል። የሚገዛው ላሜራ ግን ከሦስት ወደ አራት፣ ማለትም በ33 በመቶ ያድጋል። ከላይ ለተጨመረው ክፍል ደግሞ 3 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ መገጣጠሚያ መበየድ፣ በሞላ መላግና በስቱኮ ማስተካከል ይመጣል። ከአራተኛው ላሜራ የሚተርፈው ሌላ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል፤ ገንዘቡ ግን ዛሬ ወጥቷል፣ ቁራጩም ገዢ እስኪያገኝ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ትርፉ የጠፋው በሠሪው ስንፍና ሳይሆን በመለኪያው ነው።

ካሬ የጉልበት ሥራንም በትክክል አይለካም። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የመስኮት ፍሬም በአንድ ካሬ ውስጥ 4 ሜትር ዙሪያና አራት ማዕዘን አለው። 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነው 4 ካሬ ቢሆንም ዙሪያው 8 ሜትር፣ ማዕዘኑም ያው አራት ነው። ትንሹ መስኮት ለአንድ ካሬ 4 ሜትር ቱቦላሬ ሲፈልግ ትልቁ 2 ሜትር ብቻ ይፈልጋል። በያጁ የሚደክመው ደግሞ በሜዳው ላይ ሳይሆን በማዕዘኑ ላይ ነው፤ መቁረጡ፣ በስኳድራ ማስተካከሉ፣ ነጥብ በነጥብ መያዙ፣ መበየዱና መላጉ የሚሆነው እዚያ ነው። ስለዚህ በአንድ የካሬ ዋጋ ሁሉን የሚሠራ ወርክሾፕ ትናንሽና ጥልፍልፍ ሥራዎችን ሳያውቅ በኪሣራ ይቀበላል፤ ትልልቅና ቀላል ሥራዎችን ደግሞ በውድ ዋጋ ያስሸሻል። ከጊዜ በኋላ የሚቀሩለት ማንም ያልፈለጋቸው ሥራዎች ናቸው።

ከካሬ የተሻለው መለኪያ ክብደት ነው፤ ምክንያቱም ብረት የሚገዛው በመጨረሻ በክብደቱ ስለሆነና ክብደቱ በቀላሉ ስለሚሰላ ነው። የብረት ጥግግት 7.85 ግራም በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ላሜራ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ይህን አንድ ቁጥር የያዘ ሰው የማንኛውንም ላሜራ ክብደት ማውጣት ይችላል፦ የ1.5 ሚሊ ሜትሩ አንድ ካሬ 11.8 ኪሎ ገደማ፣ የ1.2 ሚሊ ሜትሩ 9.4 ኪሎ ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 20 በመቶ ነው፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን ዓይን አይለየውም። ሁለት ፕሮፎርማዎች ሲራራቁ ምክንያቱ ትርፍ ሳይሆን ውፍረት ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። በወረቀቱ ላይ «ላሜራ በር» ብሎ የጻፈና «1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ 60 በ40 በ2 ቱቦላሬ» ብሎ የጻፈ ሠሪ ለደንበኛው የሰጡት አንድ ዓይነት ቃል አይደለም። ውፍረቱን መጻፍ ለደንበኛው መተማመኛ ሲሆን ለሠሪው ደግሞ መከላከያ ነው።

ክብደቱ ሲሰላ ሁለት ቁጥሮች መለየት አለባቸው፤ በሥራው ላይ የሚቀረውና የሚገዛው። ቱቦላሬ በ6 ሜትር ዘንግ ይመጣል። 2.1 ሜትር የሆኑ ቋሚዎች የሚፈልግ ሥራ ከአንድ ዘንግ ሁለት ብቻ ያገኛል፤ 1.8 ሜትሩ፣ ማለትም 30 በመቶው ይተርፋል። ቋሚው 1.99 ሜትር ቢሆን ኖሮ ከዚያው ዘንግ ሦስት ይወጣ ነበር። ልክ 2 ሜትር ቢባል ደግሞ የመቁረጫው ዲስክ የሚበላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ሦስተኛውን ያሳጥረዋል። ይህን የሚያውቅ ሠሪ ዋጋ ከመጻፉ በፊት «ቁመቱ 11 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ያስቸግራል?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፤ ደንበኛው ልኩን የመረጠው ክብ ቁጥር ስለወደደ ይሆናል። እንዲህ ያለው አንድ ጥያቄ የሚያስቀረው ወጪ ከረጅም የዋጋ ክርክር ይበልጣል፤ ጥያቄው ግን የሚመጣው የዘንጉ አቆራረጥ በወረቀት ላይ ከተሣለ ብቻ ነው።

ከብረቱ በኋላ ሰዓት ይመጣል፤ የግምቱ ትልቅ ክፍተትም ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ የብረት ሥራ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል የሚለው ጥያቄ ተራ ቢመስልም፣ ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በፊላዴልፊያው ሚድቬል የብረት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው የብረት ቆረጣ ሙከራ 26 ዓመት ወስዷል። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1906 ይፋ ሲያደርግ የመቁረጥን ፍጥነት የሚወስኑ 12 ጉዳዮችን ዘርዝሮ ነበር፤ የብረቱ ጥንካሬ፣ የመቁረጫው ቅርጽ፣ የቆረጣው ጥልቀትና የማቀዝቀዣው ውኃ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመን ግን ሙከራው መርዘሙ አይደለም። ቴይለርና የሥራ ባልደረባው ካርል ባርት ያን ሁሉ ውጤት ተራው ሠራተኛ በማሽኑ አጠገብ ቆሞ ሊጠቀምበት በሚችል ተንሸራታች ማስሊያ ላይ አሰፈሩት። ዓመታት የፈጀው ልፋት አንዴ ከተሠራ በኋላ መልሱ የሚገኘው በአፍታ ሆነ። የዛሬው ትንሽ ወርክሾፕ የሚያስፈልገው ይኸው ሐሳብ በራሱ ልክ ሲሠራ ነው፦ አንድ የቱቦላሬ ማዕዘን ቆርጦ፣ በይዶና ልጎ ለመጨረስ ስንት ደቂቃ፣ አንድ ማጠፊያ ለመትከል ስንት ደቂቃ፣ አንድ ካሬ አንቲረስትና ቀለም ለመቀባት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ።

ይህ ሠንጠረዥ ሁለት ዓይነት ሰዓት መለየት አለበት። አንዱ ለመሰናዳት የሚጠፋው፣ ሌላው እያንዳንዱን ቁራጭ ለመሥራት የሚውለው ነው። ልኩን አስተካክሎ መያዣ ለማበጀት 60 ደቂቃ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለመሥራት 5 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ቢኖር፣ አንድ ብቻ ለሚፈልግ ደንበኛ 65 ደቂቃ ይወስዳል። አሥር ለሚፈልግ ለአንዱ 11 ደቂቃ፣ መቶ ለሚፈልግ ደግሞ 5.6 ደቂቃ ይደርሳል። «ብዙ ስለምወስድ ቀንስልኝ» ለሚል ደንበኛ ምን ያህል መቀነስ እንደሚቻል የሚነግረው ይህ ስሌት ነው እንጂ የሠሪው ቸርነት አይደለም። ከዚህም በላይ እጅ በመደጋገም ይፈጥናል፤ ቴዎዶር ራይት የተባለው አሜሪካዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጥናት የሚሠሩት አውሮፕላኖች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ለአንዱ የሚውለው የጉልበት ሥራ በ20 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ መጠን ለበርና ለመደርደሪያ እንዳለ ይሠራል ማለት አይደለም። አቅጣጫው ግን ያው ነው፦ የመጀመሪያው መደርደሪያ በፈጀው ሰዓት የሃያውን ዋጋ ማውጣት ሥራን ያሳጣል፤ በሃያኛው ሰዓት የመጀመሪያውን ማስላት ደግሞ ገንዘብን ያሳጣል።

ሰዓቱ ወደ ብር የሚለወጥበት መንገድም ብዙ ወርክሾፖችን ይጎዳል። ለምሳሌ ያህል የኪራይ፣ የደመወዝ፣ የመብራትና የመሣሪያ ጥገና ወጪው በወር 120 ሺህ ብር የሆነ፣ ሦስት ሠራተኞች ያሉት ቤት እንውሰድ። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠሩ 624 ሰዓት ይሆናል፤ የአንዱ ሰዓት ወጪም 192 ብር ገደማ ይመስላል። ነገር ግን መብራት የጠፋበት፣ ኤሌክትሮድ ለመግዛት የተሄደበት፣ ልክ ለመውሰድ የተወጣበትና የተበላሸ ሥራ የተደገመበት ጊዜ ለማንም ደንበኛ አይከፈልበትም። የሚሸጠው ሰዓት 400 ብቻ ከሆነ የአንዱ ሰዓት እውነተኛ ወጪ 300 ብር ነው። በ192 ብር እያሰላ ዓመቱን ሙሉ ሲደክም የሚውል ቤት ሥራ ሞልቶለት ገንዘብ የሚያጥረው ለዚህ ነው። የትርፉ ስሌትም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው፦ በ100 ብር ወጪ ላይ 20 ብር የጨመረ ሰው ከሽያጩ ያገኘው 20 በመቶ ሳይሆን 16.7 በመቶ ነው። ከሽያጩ 20 በመቶ ከፈለገ 125 ብር ማለት ነበረበት። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑር በግልጽ ካልተጻፈ ደግሞ ሁሉም ጥንቃቄ በአንድ መስመር ይፈርሳል።

እነዚህ ቁጥሮች ከየት ይመጣሉ? ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከራሱ ከወርክሾፑ ያለፉ ሥራዎች ነው። እያንዳንዱ ሥራ ሲያልቅ የተገመተው ብረትና የወጣው ብረት፣ የተገመተው ሰዓትና የፈጀው ሰዓት ጎን ለጎን ሲጻፍ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ስሕተቱ መልክ ይይዛል። የበር ግምት ሁልጊዜ ልክ ሆኖ የደረጃ መደገፊያ ግምት ሁልጊዜ የሚያንስ ከሆነ፣ ችግሩ የዕድል ሳይሆን የተረሳ የሥራ ደረጃ ነው፤ ምናልባት ደረጃው ላይ ቆሞ ልክ ማስተካከያው ወይም በቦታው ላይ ገጠማው። ለዚህ ኮምፒዩተር የግድ አይደለም፤ ደብተርና በየቀኑ የሚሞላው ሰው በቂ ነው። ያለፉት ሥራዎች በዓይነታቸው ሲመደቡ፣ ማለትም ተንሸራታች በር፣ ባለሁለት ተከፋች በር፣ መደገፊያ፣ ማስቀመጫና መደርደሪያ ተብለው ሲለዩ፣ አዲስ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ የአንዱ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ያኔ የሚሰላው ልዩነቱ ብቻ ነው።

ፍጥነቱ የሚጠፋበት ሌላው ቦታ ከስሌቱ በፊት ያለው ምልልስ ነው። ደንበኛው በስልክ የአንድ በር ፎቶ ልኮ «እንዲህ ያለው ስንት ነው?» ይላል፤ ሠሪው ስፋት ይጠይቃል፤ በማግሥቱ ቁመት፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ደግሞ የሚገጠምበት ሰፈር ይጠየቃል። ቀናቱን የበላው ስሌቱ ሳይሆን ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ መምጣታቸው ነው። ልክ፣ የብረት ውፍረት፣ ብዛት፣ የአጨራረስ ዓይነት፣ ገጠማ፣ የመኪና መግቢያ፣ መብራት በቦታው መኖሩና የሚረከብበት ቀን በአንድ ቅጽ ላይ ተዘጋጅተው በመጀመሪያው ሰዓት ከተላኩ፣ ምልልሱ በአንድ ዙር ያልቃል። ሁሉም ጥያቄ እኩል ጊዜ እንደማይገባውም መታወቅ አለበት። ገና ቤት ለመሥራት ለሚያስብ ሰው «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ሰፊ ግምት በቃል መስጠት ይበቃል፤ ሙሉ ፕሮፎርማ የሚገባው ልኩን ይዞ ለመጣው ነው። ግምትን ግምት፣ ዋጋን ዋጋ ብሎ ለይቶ መጥራት ሁለቱንም ወገን ከኋላ ጠብ ያድናል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፦ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ባለሙያ ሥራውን አይቶ ወዲያው የሚናገረው ዋጋ ከወረቀት ስሌት ብዙም አይርቅም። ይህ እውነት ነው፤ ልምድ ራሱ በጭንቅላት ውስጥ የተከማቸ መዝገብ ስለሆነ። ነገር ግን ያ መዝገብ የሚሠራው ባለሙያው ደጋግሞ በሠራው ሥራ ላይ ነው። እንግዳ ቅርጽ፣ አይዝጌ ብረት ወይም ከለመደው አሥር እጥፍ የበዛ ብዛት ሲመጣ ያው የመተማመን ድምፅ ይወጣል፤ ከጀርባው ግን ምንም ልምድ የለም። በተጨማሪም ባለሙያው በሌለበት ቀን ወርክሾፑ ዋጋ መስጠት አይችልም፤ ሲታመም ወይም ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ደብተሩ የባለሙያውን ዓይን አይተካም፤ ዓይኑ ልክ የሆነበትንና የሳተበትን ለይቶ ያሳየዋል፣ ለተከታዩም ያወርሰዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከገበያው ይመጣል፦ የብረት ዋጋ ሲለዋወጥ ማስላት ምን ይረባል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ በሚገባ ብረት የሚሠራ ሰው በሰኔ የሰጠውን ዋጋ በነሐሴ ማክበር ምን እንደሚያስከፍለው መገመት አያዳግትም። ይህ ግን የስሌትን ጥቅም ያጎላል እንጂ አይሽረውም። ምንዛሪው ሲለወጥ የበሩ ክብደት አይለወጥም፤ ማዕዘኑም የሚፈጀው ደቂቃ ያው ነው። መጠኑ ከዋጋው ተለይቶ የተጻፈለት ወርክሾፕ ጠዋት የላሜራውን ዋጋ ጠይቆ አንድ ቁጥር ይቀይራል፤ ፕሮፎርማው በደቂቃዎች ይታደሳል። ሁሉን በአንድ የካሬ ዋጋ ጠቅልሎ የያዘው ግን የትኛው ክፍል እንደናረ ስለማያውቅ ወይ ሁሉንም ይሰቅላል ወይ በሁሉም ይከስራል። ፕሮፎርማው የሚጸናበት ቀን በግልጽ መጻፉ፣ ቀብዱም ቢያንስ ብረቱን የሚገዛ መሆኑ የቀረውን ሥጋት ይቀንሳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ክርክር ነው፦ ደንበኛው መጨቃጨቁ ስለማይቀር አስቀድሞ ጨምሮ መጥራት ይሻላል ይባላል። የሚከራከር ሰው መኖሩ አይካድም፤ ሆኖም ወለሉን ያላወቀ ሠሪ የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ወለሉን የሚያውቀው ግን «ይህን ያህል ለመቀነስ ውፍረቱን እንቀይር፣ ወይም ጌጡን እናስቀር» ብሎ ክርክሩን ከትርፉ ወደ ሥራው ያዞረዋል። የደንበኛውም ወገን የሚያስብበት ነገር አለ። ሦስት ፕሮፎርማ አሰባስቦ ትንሹን መምረጥ የተለመደ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኬፐን፣ ክላፕና ካምቤል የተባሉ የነዳጅ መሐንዲሶች በጨረታ ላይ ባወጡት ጥናት፣ የአንድን ነገር ዋጋ ብዙዎች ሲገምቱ የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ በግምቱ የተሳሳተው መሆኑን አሳይተዋል። እነሱ ያጠኑት ከልክ በላይ ከፍለው የሚያሸንፉትን ነበር፤ በብረት ሥራ ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል፣ ትንሹን ዋጋ የሰጠው ምናልባት አንድ ነገር የረሳው ሰው ነው። የረሳው ደግሞ ሥራው መሐል ሲደርስ ትዝ ይለዋል፤ ያኔ ወይ ጭማሪ ይጠይቃል፣ ወይ ብረቱን ያሳሳል፣ ወይ ሥራውን ትቶ ይጠፋል። ትንሹ ዋጋ ርካሽ መሆኑ የሚታወቀው ሌሎቹ ያካተቱትን ሁሉ ካካተተ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ይህን ሁሉ ኮምፒዩተር ይሠራዋል የሚል አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ፕሮቶላብስና እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው ዞሜትሪ ደንበኛው የላከውን የኮምፒዩተር ንድፍ አንብበው ዋጋውን ወዲያው ያሳውቃሉ፤ በሌዘር የሚቆረጡና በሲኤንሲ (በኮምፒዩተር በሚመራ ማሽን) የሚቀረጹ ቁርጥራጮች ለዚህ ይመቻሉ፣ ምክንያቱም የመቁረጫው መስመር ርዝመትና የእጥፋቶቹ ብዛት ከንድፉ ይቆጠራል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሥርዓት ፈጣን የሆነው ያው ዝግጅት ስላለው ነው፤ ማሽኑ በሰዓት የሚያስወጣው ወጪና እያንዳንዱ ቅርጽ የሚፈጀው ጊዜ አስቀድሞ ተመዝግቦ ገብቶበታል። ያለ መዝገብ የተገዛ ፕሮግራም የሌላ አገር ሰዓትና የሌላ ቤት ወጪ ይዞ ስሕተቱን በፍጥነት ያትማል። በሩ የሚገጠምበት ግንብ መጣመሙን፣ ወይም ታንከር ማስቀመጫው በሰው ትከሻ አራተኛ ፎቅ እንደሚወጣ ደግሞ ንድፉ አይናገርም።

ስለዚህ ፈጣንና ልክ ዋጋ መስጠት የሚፈልግ ወርክሾፕ መጀመር ያለበት አዲስ ማሽን ወይም አዲስ ፕሮግራም ከመግዛት ሳይሆን፣ በዚህ ሳምንት የሚያልቀውን ሥራ ከመመዘን ነው። ስንት ኪሎ ገዛ፣ ስንት ኪሎ ሥራው ላይ ቀረ፣ ስንት ሰዓት ገመተ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ? እነዚህን አራት ቁጥሮች በየሥራው የያዘ ቤት ከስድስት ወር በኋላ ለሚመጣ ደንበኛ በዚያው ቀን መልስ ይሰጣል፤ የሰጠውንም ዋጋ ያከብራል። አሠሪውም ወረቀቱ ላይ ውፍረት፣ መጠን፣ ታክስና የሚጸናበት ቀን መኖሩን በመጠየቅ ያግዛል፤ ምክንያቱም ያልተሰላ ወጪ በግማሽ በቆመ በር አጠገብ የሚከፈል ጭማሪ ሆኖ ወደ እሱው ይመለሳል።